ጸጋዬ ገብረ መድኅን

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቀዌሳ (ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. – የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ጸሐፌ ተውኔት፣ ባለቅኔ፣ ተርጓሚና የቴአትር አዘጋጅ ነበር። በምዕራብ ሸዋ በአምቦ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ቦዳ ተወልዶ በኒው ዮርክ አረፈ። ከሠላሳ በላይ ተውኔቶችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፈ ሲሆን፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በሚባልበት ዘመን ለአሥር ዓመት ያህል በኪነ ጥበብ ዳይሬክተርነት መርቶታል። ብዙ ሰው ሎሬት ጸጋዬ እያለ ይጠራዋል። በትምህርት ቤት የሚታወቀው በአብዛኛው በግጥሞቹ ነው። የሕይወቱን ትልቁን ክፍል ያሳለፈው ግን በልምምድ አዳራሽና ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ይበልጥ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።

ትውልድና ልጅነት

ጸጋዬ የተወለደው የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ከሦስት ወር በኋላ ነው። አባቱ ኦሮሞ ሲሆኑ በዚያ ወቅት ጠላትን ለመዋጋት ከቤት ርቀው ነበር። እናቱ የአንኮበር አማራ ናቸው። አገሩ በሙሉ የአርበኞች አገር ነበር፤ ከአምቦ በስተደቡብ በወንጪና በወሊሶ ዙሪያ ገረሱ ዱኪ ይዋጉ ነበር። ጸጋዬ ከመወለዱ 19 ቀን አስቀድሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ይህ የቀን መቀራረብ አጋጣሚ ብቻ ቢሆንም፣ ልጁ አድጎ የጳጳሱን የመጨረሻ ሰዓት ለመድረክ እንደሚያበቃ ለሚያውቅ አንባቢ ሳያስገርም አያልፍም።

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሆለታና በጊንጪ በኩል በሚያልፈው የወለጋ መንገድ ላይ ትገኛለች። በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። አገሩ ሁሉ የሚያውቃት በጠጅ ሳር ወይም በጤፏ ሳይሆን ከመሬት እየፈላ በሚወጣው ማዕድናማ ውሃዋ ነው። ወጣ ብሎ ጉደር አለ። በዚህ አካባቢ ያደገ ልጅ በገበያና በመስክ ኦሮምኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ግዕዝ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ይሰማል። ጸጋዬም ኦሮምኛንና አማርኛን ከቤት፣ ግዕዝን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገኘ። በኋላ ሰዎች የእሱን አማርኛ ከባድ ነው ሲሉ፣ የክብደቱ ምንጭ አንዱ ይኸው የቋንቋዎች መደራረብ ነው። በተውኔቶቹ ውስጥ የግዕዝ ቃል ከኦሮምኛ ስም አጠገብ፣ የቅኔ አገላለጽ ከሰፈር ንግግር ጎን ይቀመጣል።

በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ ገና በ13 ዓመቱ ገደማ፣ ስለ ንጉሥ ዳዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የመጀመሪያውን ተውኔት ጻፈ። ዳዮኒስዮስ በጥንት ዘመን የሲራኩስ ገዢ የነበረና በጭካኔው የሚታወቅ ሰው ነው። ተውኔቱ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በመድረክ ታየ። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ልጅ በንጉሥ ፊት ስለ ሌላ ንጉሥ የፍርድ ታሪክ ማቅረቡ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጸጋዬ ከዚያ በኋላ ባለው ሕይወቱ ሁሉ ገዢዎችን ከመድረክ ማናገሩን አልተወም፤ የገዢዎቹ መልስ ግን ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያው ቀን በጎ አልነበረም።

ትምህርት

ከአምቦ በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1959 በቺካጎ ከሚገኘው የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት የሕግ ትምህርቱን አጠናቀቀ። ሕጉን ግን አልሠራበትም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አውሮፓ ሄዶ በለንደን በሮያል ኮርት ቴአትር፣ በፓሪስ ደግሞ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትር ትምህርት ቀሰመ።

የሁለቱ ቤቶች ልዩነት ለሥራው ጠቃሚ ነበር። ሮያል ኮርት በዚያ ዘመን ከታች መደብ የመጡ ወጣት ደራሲያን የእንግሊዝን ኅብረተሰብ በምሬት የሚተቹበት፣ አዲስ ነገር የሚሞከርበት መድረክ ነበር። ኮሜዲ ፍራንሴዝ ደግሞ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቋቋመ፣ የሞልየርን ወግ ጠብቆ የቆየ ቤት ነው። ጸጋዬ ከአንዱ የሰፈርን ሰው ወደ መድረክ ማውጣትን፣ ከሌላው ደግሞ ግጥምን በመድረክ ላይ በአግባቡ ማሰማትን ይዞ ተመለሰ ማለት ይቻላል። በሥራዎቹ ውስጥ ሁለቱም በግልጽ ይታያሉ።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር

የቴአትር ቤቱ ሕንጻ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ለሲኒማ ተብሎ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ነበር። ለንጉሡ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል እንደገና ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም. በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ተውኔት «ዳዊትና ኦሪዮን» ተመረቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዳራሹ ይበልጥ የሚያስተናግደው ታሪካዊና ግብረ ገባዊ ተውኔቶችን ነበር፤ ነገሥታት፣ መሳፍንት፣ መላእክት፣ ረጅም ንግግርና ምክር የሚበዛባቸው።

ጸጋዬ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 የዚህ ቤት የኪነ ጥበብ ዳይሬክተር ነበር። ሥራውን ሲጀምር ዕድሜው 25 ነው። በእሱ ተውኔቶች ወደ መድረኩ የወጡት ሊስትሮዎች፣ ቡና ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች፣ ከገጠር መጥተው ከተማ የዋጣቸው ወጣቶች፣ ሥራ ፈላጊዎችና ጠጪዎች ናቸው። «የሾህ አክሊል»፣ «ጆሮ ደግፍ»፣ «እኝ ብዬ መጣሁ»፣ «የእማማ ዘጠኝ መልክ» እና «የከርሞ ሰው» ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ መካከል ናቸው። አማርኛ ተውኔት የድሃን ሰው ሕይወት እንደ መሳቂያ ሳይሆን እንደ ዋና ጉዳይ አድርጎ እንዲይዝ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። ስብከትን ግን ሙሉ በሙሉ አልተወም። ገጸ ባሕርያቱ አንዳንድ ጊዜ ከኑሯቸው በላይ ይናገራሉ፤ ሊስትሮው እንደ ባለቅኔ፣ ሰካራሙ እንደ ነቢይ ይሆናል። ተቺዎች ይህን እንደ ድክመት፣ አድናቂዎቹ ደግሞ እንደ ዋና ውበቱ ያዩታል።

የሥራ ሁኔታው ቀላል አልነበረም። ማንኛውም ተውኔት ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበር። ስለዚህ አዘጋጁ ሁለት ዓይነት ተመልካች ነበረው፤ አንዱ ትኬት ቆርጦ የሚገባው፣ ሌላው ደግሞ ጽሑፉን አስቀድሞ በቢሮው የሚያነበው። በጸጋዬ ሥራዎች የሚታየው የምሳሌያዊ አነጋገር ብዛት ከቅኔ ትምህርቱ የመጣ ብቻ አይደለም፤ ቅኔ ሰምና ወርቅ ስላለው ሳንሱር ሰሙን ሲያነብ ተመልካቹ ወርቁን ይሰማል። ያም ሆኖ በየጊዜው የታገዱ ተውኔቶች አሉት።

በዚሁ ዘመን በቴአትር ቤቱ የተዋንያን ማሠልጠኛ ተጀመረ። ወጋየሁ ንጋቱ፣ ደበበ እሸቱና ዓለምፀሐይ ወዳጆ ከዚያ ጊዜ ተዋንያን መካከል የሚጠቀሱ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ያገኙትን ሙያ ይዘው ከመድረክ ውጭም ሄደዋል። ደበበ እ.ኤ.አ. በ1973 «ሻፍት በአፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ተጫወተ። ዓለምፀሐይ በዘፈን ግጥሞቿ ታወቀች፤ በኋላም በዋሽንግተን ዲሲ የጣይቱ የባህል ማዕከልን መሠረተች። ወጋየሁ ደግሞ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ፣ ቴአትር ቤት ገብቶ የማያውቅ የገጠር ሰው ሁሉ ድምፁን ለየው። በትረካው ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ጉዱ ካሳና ሰብለ ወንጌል እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ የሚናገረው ግን አንድ ሰው ነው። የመድረክ ሥልጠና በሬዲዮ ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሼክስፒርና «የጸጋዬ ቤት»

ጸጋዬ «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት» እና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መልሷል። ከሞልየርም ሥራዎች ተርጉሟል። ትርጉሞቹ ቃል በቃል አይደሉም። የሼክስፒርን የእንግሊዝኛ ስንኝ በአማርኛ ለማሰማት ሲሞክር አንድ እንቅፋት ገጠመው፦ የተለመደው የአማርኛ ስንኝ አጭር ነው። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች፣ ባጠቃላይ 12 ቀለም አለው። ለለቅሶ፣ ለፉከራና ለእንጉርጉሮ ይስማማል፤ ብቻውን ቆሞ ከራሱ ጋር ለሚሟገት ገጸ ባሕርይ ግን ሐሳቡ ሳያልቅ ቤቱ ይመታል።

ጸጋዬ ሐረጉን ወደ ስምንት ቀለም አሳደገው። ሁለቱ ሐረጎች ተደምረው 16 ይሆናሉ። ይህ ምጣኔ ዛሬ በሥነ ጽሑፍ መምህራን ዘንድ «የጸጋዬ ቤት» ተብሎ ይጠራል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን ነገር መጥቀስ ይገባል፦ ቀለም ማለት ፊደል ማለት አይደለም። ሳድስ ፊደላት አንዳንዴ ድምፃቸው ከቀዳሚው ፊደል ጋር ስለሚዋጥ ለብቻቸው አይቆጠሩም። በወረቀት ላይ ፊደል ብቻ የቆጠረ ሰው የጸጋዬን ስንኝ የተዛባ ሊመስለው ይችላል፤ ጮክ ብሎ ሲያነበው ግን ልኩን ያገኘዋል። ምጣኔው የተሠራው ለዓይን ሳይሆን ለተዋናይ ትንፋሽ ነው።

በዚህ ምጣኔ ከጻፋቸው ግጥሞቹ ብዙዎቹ በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» በተባለው መድበል ይገኛሉ።

የእንግሊዝኛ ተውኔቶችና አፍሪካ

«ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለው የእንግሊዝኛ ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ኦዳ በኦሮሞ ባህል ሽማግሌዎች ከሥሩ የሚሰበሰቡበት የተከበረ ዛፍ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ሻንካ የተባለ ወጣት ኡኩቴ የተባለች ልጅ እንዲያገባ የዛፉ ቃል ይመርጠዋል፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ግን ለመሥዋዕት መሰጠት አለበት። ሻንካ ልጅ ላለመውለድ ሲል ከሚስቱ ይርቃል። ጓደኛው ጎዓ ከባዕድ አገር የተመለሰ፣ ሌላ እምነት የሰማ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥፋት ከማንም ክፋት የተነሳ አይደለም፤ ሁሉም ለሚያምንበት ነገር ታማኝ በመሆኑ ነው የሚጠፋው። አካባቢው በስም አይጠራም፤ ነገር ግን ዛፉ፣ ሸንጎውና የሽማግሌዎቹ ሥልጣን ደራሲው በልጅነቱ ካየው የምዕራብ ሸዋ ዓለም የራቁ አይደሉም። ተውኔቱ ከኢትዮጵያ ውጭ በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ታይቷል።

ጸጋዬ እ.ኤ.አ. በ1966 በዳካር በተደረገው የመጀመሪያው የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል፣ በ1969 ደግሞ በአልጀርስ በተደረገው የፓን አፍሪካ የባህል ፌስቲቫል ተካፍሏል። በ1966 በ29 ዓመቱ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበለ። ሽልማቱን በዚያ ዕድሜ ያገኘ ከእሱ በፊት አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት አስቀድሞ የተሸለሙት ከበደ ሚካኤል በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ።

ከቴአትር ቤቱ ኃላፊነት ከለቀቀ በኋላ በዳካር ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንታዊት አፍሪካ ምርምር አደረገ። ግብጽን፣ ኩሽንና ኢትዮጵያን በዓባይ ሸለቆ የሚያያይዘው አስተሳሰቡ ከዚያ በኋላ በጽሑፎቹ እየጎላ ሄደ። የአማርኛና የኦሮምኛ ቃላትን ከጥንታዊ ግብጽ ስሞች ጋር እያገናኘ ያቀረባቸው ትንታኔዎች በቋንቋ ጥናት ዘዴ የተረጋገጡ አይደሉም፤ እንደ ሳይንስ ሳይሆን እንደ ባለቅኔ ምናብ ቢነበቡ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1977 በለንደን የታተመው «ኮሊዥን ኦቭ ኦልታርስ» የተባለው ተውኔቱ በአክሱም መንግሥት ዘመን ላይ የተመሠረተ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ

«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተጻፈ ነው። አቡነ ጴጥሮስን ደራሲው እንደ ሐውልት አላቆማቸውም። የሚያሳየን ሞት የተፈረደበት፣ የሚፈራ፣ ከአምላኩ ጋር የሚሟገት፣ በመጨረሻም እምቢ የሚል ሰው ነው። ተዋናዩ ለረጅም ጊዜ ብቻውን መድረኩን መያዝ ስላለበት፣ ተውኔቱ እስከ ዛሬ ድረስ ለወጣት ተዋንያን እንደ ፈተና ይቆጠራል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ጸጋዬ «ሀሁ በስድስት ወር»ን አቀረበ። የወቅቱን ትርምስ በወቅቱ የያዘ ሥራ ነበርና ሕዝቡ ተሻምቶ አየው። የብሬሽትን «እማማ ኩራዥ» መነሻ ያደረገው «እናት ዓለም ጠኑ» ተከተለ። ደርግ በመጀመሪያ ሾመው፤ ለአጭር ጊዜ የባህል ምክትል ሚኒስትር ሆኖ ሠራ። ሹመቱ ግን አልቆየም፤ ተከትሎ እስር መጣ። ከእስር ከወጣ በኋላ «መልእክተ ወዛደር»ን ጻፈ፤ «ጋሞ» የተባለው ተውኔቱ ደግሞ ከጥቂት ትርኢት በኋላ ተዘጋ። በንጉሡ ዘመን የታገደ፣ በደርግ ዘመን የታሰረ ሰው በሁለቱም መካከል ተሿሚ መሆኑ የኢትዮጵያ ኪነ ጥበብ ከመንግሥት ጋር የነበረውን ግንኙነት ያሳያል። መድረኩም፣ ደመወዙም፣ መጋረጃውም የመንግሥት ነበሩ፤ የግል ቴአትር ቤት አልነበረምና የሚሄድበት ሌላ በር አልነበረውም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ቀደም ሲል በእንግሊዝኛ ጽፎት የነበረውን «ቴዎድሮስ» በአማርኛ እንደገና ሠርቶ በመድረክ አቀረበ፤ በዚህ ተውኔት ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው ፍቃዱ ተክለማርያም ሲሆን፣ ለብዙ ተመልካች የዓፄ ቴዎድሮስ መልክና ድምፅ የእሱ ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከፎቶግራፍ አንሺው አልቤርቶ ቴሶሬ ጋር «ፉትፕሪንት ኢን ታይም» የተባለ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚያወሳ መጽሐፍ በኢጣሊያ አሳተመ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ያቀረበው «ሀሁ ወይም ፐፑ» የሰላምንና የጦርነትን ምርጫ ያነሳ ሲሆን፣ ርእሱ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የጻፈውን «ሀሁ» መልሶ ያስታውሳል።

ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት መዝሙር ግጥሙን የጻፈው ጸጋዬ ነው። ዜማው የኬንያዊው አርተር ሙዶጎ ኬሞሊ ሲሆን፣ የአፍሪካ ኅብረትም መዝሙሩን ወርሶታል። የመዝሙሩ ግጥም የአንድ የአምቦ ልጅ መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ዛሬም ብዙ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ጸጋዬ በኩላሊት ሕመም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ አሜሪካ ሄደ። ዲያሊሲስ የሚባለው ደምን በመሣሪያ የማጣራት ሕክምና በሳምንት ደጋግሞ ስለሚደረግና ሊቋረጥ ስለማይችል፣ ኑሮው በኒው ዮርክ ሆነ። ለቴአትር አዘጋጅ ከተዋንያኑና ከተመልካቹ ቋንቋ መራቅ ከሕመሙ ያላነሰ ጉዳት ነው፤ ግጥም በየትም ይጻፋል፣ ልምምድ ግን በስልክ አይመራም።

በስደት ላይም ሆኖ ከተሟገተባቸው ጉዳዮች አንዱ የአክሱም ሐውልት መመለስ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የተወሰደው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ። ጸጋዬ ሐውልቱ መመለሱን ለመስማት በቃ፤ በ2000 ዓ.ም. እንደገና ሲቆም ለማየት ግን አልደረሰም።

የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ በኒው ዮርክ ሞተ። አስከሬኑ ወደ አገሩ መጥቶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።